መጽሐፉ ያልነገረኝ መርዶ፤ ከገዳሪፍ እስከ ራሃድ ዳር

ጃፓኖች ለሰው መርዶ የሚነግሩት እንዴት ነው? ጠዋት ነው ማታ? በዘመድ ነው በባዳ? አስቀምጠው ነው ወይስ ሰውየው እንደ ቆመ? ይህን ጥያቄ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ጀምሮ ይዤው አለሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁለትም። ስለ ጃፓን ባሕል የሚናገር ባለ ሥዕል መጽሐፍ አለኝ። ያን አገር ለማየት ለሚጓጓ መንገደኛ ተብሎ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ስለ ሰላምታቸው፣ ስለ ጫማ አወላለቃቸው፣ ስለ ገላ መታጠቢያቸው፣ ስለ አበላላቸው፣ ስለ ስጦታቸው በየገጹ ሥዕል አለው። ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መርዶ የሚል ገጽ የለውም።

መጽሐፉን የሰጠችኝ ሳቺኮ ናት። ሳቺኮ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ለስደተኞች በቆመው ክሊኒክ የምትሠራ ጃፓናዊት ነርስ ነበረች፤ እኔ አስተርጓሚዋ ነበርሁ። ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ ስለ አገሯ የምጠይቃት እኔ ብቻ ስለሆንሁ አንድ ቀን «ይህ ከእኔ ይሻላል፤ አይደክመውም» ብላ አስታቀፈችኝ። ፊደል የቆጠርሁት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ጎንደር በማታ ትምህርት ቤት ነው፤ እንግሊዝኛውንም ስደት ላይ ለቃቀምሁት። ዘግይቼ ስለ ተማርሁ ይመስለኛል፣ የተጻፈ ነገር ሙሉ እንዲሆን እፈልጋለሁ። የጎደለ ገጽ ያናድደኛል።

ይህን የምጽፈው ከጉዞው ከተመለስን በኋላ፣ የሱዳኗን ሀዋታንም ጃፓንንም ለማታዩ ሰዎች ነው። ጃፓንን እኔም አላየሁትም። ያየሁት አንዲት ጃፓናዊት በሱዳን መንገድ ላይ ስትሄድ ነው።

ሰኞ

ራሃድ ወንዝ ዳር ከድንበር የመጡ ሰዎች በሰፈሩበት ቦታ ኩፍኝ ገብቶ ነበርና ልጆቹን ለመክተብ በሀዋታ በኩል ልንሄድ ተነሣን። ሾፌራችን ዑስማን የገዳሪፍ ተወላጅ ነው። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ አሳስሮ፣ ሳቺኮ ገብታ ተቀምጣ፣ እኔ የውኃውን ጀሪካን ሳስጭን፣ የሬዲዮ ሠራተኛው ኻሊድ ከቢሮው መስኮት ጠራኝ። ገባሁ፤ በሩን ዘጋው።

ከካርቱም መልእክት መጥቶለታል። የሳቺኮ አባት ሞተዋል። ታመውም አልነበረም፣ ድንገት ነው። ቀብሩም አልፏል። ወንድሟ ሥራዋን ጥላ እንዳትመጣ፣ ስትጨርስ እንድትመጣ ብሏል። ኻሊድ ይህን ሁሉ በዐረብኛ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ዋናው ሐኪም ካርቱም ናቸው፤ ሳቺኮን ከሥራ ውጭ የሚያውቃት ሌላ ሰው የለም።

«አንቺ ንገሪያት» አለኝ። «ሴት ነሽ። ደግሞ መጽሐፋቸውን ታነቢያለሽ።»

እነግራታለሁ አልሁት።

በእኛ አገር መርዶ እንዲህ እንደ ዋዛ አይነገርም። የጎንደር ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እዚህ ሱዳን ተወልደው ላደጉት ልጆቻችን ግን ልጻፈው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ቀድሞ የሰማ ሮጦ አይናገርም። ዘመድ ይጠራራል፤ አፈ ለስላሳ ሽማግሌ ይመረጣል፤ መርዶ የሚነገረው ሰው እራቱን በልቶ ይተኛል። ሊነጋጋ ሲል ቤቱ ሰው በሰው ይሆንና ያን ጊዜ ይነገረዋል። መንገድ ላይ አይነገርም። ለብቻው አይነገርም። ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ሳይኖር አይነገርም።

ታዲያ ለሳቺኮ የሚጠራራው ዘመድ የት ነው ያለው? መኪናው ውስጥ ያለነው እኔና ዑስማን ነን። ሰው እስካገኝላት ዝም ልል ቆረጥሁ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ እሷ ክትባት ይዛ ትሄዳለች፣ እኔ ለእሷ ዘመድ ፍለጋ እሄዳለሁ።

ገና ከከተማ ሳንወጣ ገበያ አቁሙልኝ አለች። መጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ ነገር አንድ ሙሉ ገጽ አለ። ጃፓናዊ መንገድ ከወጣ ያለፈበት ቦታ ሁሉ በምን እንደሚታወቅ ጠይቆ፣ ያንኑ ገዝቶ ለቤቱ ሰው ይዞ ይመለሳል። ሥዕሉ ላይ አንድ ሰውዬ በጥቅልና በቋጠሮ ተከቦ ከባቡር ሲወርድ ይታያል። እኛም ከመንገድ ባዶ እጁን የሚመለሰውን አንወደውም፤ ግን ሸማም ይሁን ስኳር የተገኘውን ነው የምንይዘው። እነሱ ይመርጣሉ። ገዳሪፍ የምትታወቀው በሰሊጥ ነው፤ ሳቺኮም ሰሊጥ ልትገዛ ነው። ለአባቷ።

አባቷ ጣፋጭ ምግብ ሠሪ ናቸው፤ የሩዝ ሊጥ አድቦልቡለው፣ የተቆላ ሰሊጥ ነስንሰው ይሸጣሉ። «አባቴ ሰሊጥ በዐይኑ አያምንም፤ በጥርሱ ነው የሚመርጠው» አለችና እሷም አንዲት ፍሬ በፊት ጥርሷ ሰበረች። በዚያ ዓመት ገበያው ሳስቶ ነበር፤ ነጋዴው ዋጋውን ሰማይ ሰቀለው። ሌላ ቀን ቢሆን ሻጭ እስኪምልብኝ የምከራከር ሴት ያን ቀን የጠራውን ተቀበልሁ። ሳቺኮ ገርሟት አየችኝ። ሰሊጡን በአራት ማዕዘን ጨርቅ መሐል አድርጋ ጫፍና ጫፉን አስተሳስራ ቋጠረችው። የቋጠሮ ገጽም አለው መጽሐፉ፤ እናቶቻችን ስንቅ የሚቋጥሩበትን የመሰለ ነው፣ እነሱ ግን ጫፎቹን እንደ ቢራቢሮ ክንፍ ያቆሟቸዋል።

ከገዳሪፍ በስተደቡብ ሜዳው ጥቁርና ዝርግ ነው። ጎንደር ዐይን የሚያርፍበት ተራራ አይጠፋም፤ እዚህ ዐይን ሄዶ ሄዶ ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። ማሽላው ራስ ሳያወጣ ደርቆ ቀርቶ ነበር። በመንገዱ ዳር ከወደ ድንበር የመጡ ሰዎች ቁጭ ብለዋል፤ ሊለምኑ አይደለም፣ ደክሟቸው ነው። ሳቺኮ ባየቻቸው ቁጥር ታስቆማለች፤ ውኃ እንሰጣለን፤ ሕፃን ያለው ካለ ታያለች። ዑስማን «በዚህ አካሄድ በረዶው ከእኛ ቀድሞ ይሄዳል» እያለ ያጉረመርማል፣ ግን ጀሪካኑን የሚያወርደው እሱ ነው።

ኬላው ላይ አንድ ፖሊስ የመንገድ ፈቃዳችንን አይቶ ሲያበቃ ጭኔ ላይ ያለውን መጽሐፍ አነሣ። ሲያገላብጥ የገላ መታጠቢያው ገጽ ላይ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ እስከ አንገቱ ሙቅ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ፎጣ አጥፎ አናቱ ላይ አስቀምጦ፣ ዐይኑን ጨፍኗል። ምን እያደረገ ነው ብሎ ጠየቀኝ። መጽሐፉ እንደሚለው አንድ በአንድ ነገርሁት። መጀመሪያ ከገንዳው ውጭ ታጥቦ ይጠራል፤ ከዚያ ለመሞቅ ብቻ ይገባል፤ ውኃው ሳይደፋ ልጆቹም ሚስቱም በተራ ይገቡበታል። ፖሊሱ ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው። ጓደኛው ሥዕሉን አየ፣ ደረቁን ሜዳ አየ፣ «ወላሂ፣ ውኃችንን የጨረሰው ይኼ ሰውዬ ነው» አለና አሳለፈን።

ምን እንዳለ ስተረጉምላት ሳቺኮ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አባቷም ፎጣውን ልክ እንደዚያ አናቱ ላይ ያደርጋል አለችኝ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርሁ።

ማክሰኞ

ሀዋታ የገባነው ሰኞ አመሻሽ ላይ ነው፤ ያረፍነውም ሐጂ ኢድሪስ ቤት። ሐጂ ኢድሪስ ከመተማ ተሻግረው ሀዋታ ሱቅ የከፈቱ የጎንደር ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነብ ሐበሻ አለፈ ከተባለ መንገድ ወጥተው የሚጎትቱ ሴት ናቸው።

ሳቺኮ በር ላይ ጫማዋን ስታወልቅ ማንም አልገረመው፤ እዚያ ቤት ሁሉም ያወልቃል። የገረማቸው ተንበርክካ የጫማዋን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙራ ማስቀመጧ ነው።

«ምነው ልጄ» አሉ እትዬ ዘይነብ፣ «ገና ሳትቀመጪ ለመሸሽ ነው?»

መጽሐፉን አወጣሁና ገጹን አሳየኋቸው። እንግዳ ሲወጣ ዞሮ ለባለቤቱ ጀርባውን እንዳይሰጥ፣ ጫማውን ሲፈልግ እንዳይንደፋደፍ ነው። ሐጂ ኢድሪስ ሥዕሉን ቀርበው አዩና ሄደው የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አዞሩት። ለሱብሒ ሶላት ስነሣ በጨለማ ከመዳበስ ያድነኛል አሉ። ሳቺኮ ምግቡ ሲቀርብ ሁለት እጇን ገጥማ አንዲት ቃል ስትል ደግሞ፣ ይኼማ የእኛው ቢስሚላህ ነው ብለው ወሰኑ።

ምግቡ ዐሲዳ ነበር፤ የማሽላ ገንፎ በወጥ። እዚህ ላይ ስሕተት ተሠራ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ሳህኑን ባዶ ካደረገ አልጠገበም ማለት ነው፤ ይጨመርለታል። በጃፓን ደግሞ የቀረበን እህል ማስቀረት ባለቤቷን መናቅ ነው። ሳቺኮ ትጨርሳለች፤ እትዬ ዘይነብ ይጨምራሉ። ሳቺኮ ላብ ላብ እያላት ትጨርሳለች፤ እትዬ ዘይነብ ወደ ጓዳ ይመለሳሉ። በዚያ ዓመት ያ ዱቄት እንዴት እንደሚገኝ አውቃለሁና ገጹን ፈልጌ ለሁለቱም በየቋንቋቸው አነበብሁላቸው። ሳቺኮ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እትዬ ዘይነብ ጭልፋውን እንደያዙ መሬት ተቀመጡ። «እኔ ደግሞ ይቺ ቀጭን የት ነው የምታስገባው እያልሁ፣ ጎረቤት ልበደር ነበር» አሉ፤ ሁላችንም ሳቅን። ማለት፣ እኔ አልሳቅሁም። እትዬ ዘይነብም ያዩት ይህንኑ ነው።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ ነዳጅ ስንጠብቅ ዋልን። ሳቺኮ ከዑስማን ጋር ወደ ገበያ ወጣች፤ ሀዋታ በምን እንደምትታወቅ ስትጠይቅ ከርከዴ ብለዋት ነበር፤ ያን እንደ ሻይ የሚፈላውን ቀይ አበባ። እሱንም ለአባቷ። እኔ አልሄድሁም፤ አንገረብ በሚሉት የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ መጽሐፉን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁት። እትዬ ዘይነብ መጥተው እግሬ ሥር ተቀመጡ።

«መርዶ ይዘሻል» አሉኝ።

መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ልጅቱን ከትናንት ጀምሮ ፊቷን አታዪም። የማን ነው?»

«የአባቷ።»

ሐጂ ኢድሪስ ከሱቅ ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው ተቆጡ። እሳቸው ቢሆኑ ያኔውኑ ነግረው፣ ኢንና ሊላህ ብለው፣ ዱዓ ያደርጉ ነበር። «አባትነቱ ለእሷ ነው፤ ለአንቺ አይደለም። የሰው ሐዘን በጉያሽ ይዘሽ በምን ሥልጣን ትዞሪያለሽ?» አሉኝ። ልክ ናቸው።

የመለሱልኝ እትዬ ዘይነብ ናቸው። «እስኪ ተዋት። ትንገራትና ከማን ጋር ታልቅስ? ከበረዶ ሣጥኑ ጋር?» ከዚያም ወደ እኔ ዞረው፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እዚሁ ቤት ይደረግ፣ የሰፈሩን ሐበሻ ሁሉ እጠራለሁ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይመጣል አሉ። ጭነት ከላዬ የወረደ መሰለኝ።

ግን ሳቺኮ ከገበያ ስትመለስ አብሯት ዑስማን ነዳጅ ይዞ መጣ። የበረዶውን ሣጥን ከፍታ እጇን አስገባች፤ ፊቷ ተለወጠ። በረዶው አልቋል ማለት ይቻላል፤ ነገ ካልደረስን ክትባቱ ይበላሻል፤ ሳይነጋ መነሣት አለብን አለች። እትዬ ዘይነብን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ራሃድ ዳር ልጆች ኩፍኝ ይዟቸው እኛን እየጠበቁ ነው፤ ልቅሶ ይቆያል፣ በረዶ አይቆይም። ገብተው ለመንገዳችን ኪስራ፣ ያን ስስ የማሽላ ቂጣ፣ ይጋግሩልን ጀመር።

ረቡዕ

ከሀዋታ ወዲያ መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ ጎማ ያለፈበትን ተከትሎ መሄድ ነው። አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር ጎማችን ሰመጠ። ዑስማን ቆፈረ፤ እኛም ቆፈርን፤ ባሰበት። ሎሪ እስኪያልፍ እንጠብቅ ብሎ እሱ ወደ ጉብታው ወጣ። እኛ ሣጥኑን እርጥብ ጆንያ አልብሰን ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ነፋሱ አቧራውን አንሥቶ ሰማዩ እንደ ሻይ ቀላ።

ሳቺኮ ወደ እኔ ዞረችና «ዓለም-ሳን» አለችኝ። ዓለም ስሜ ነው፤ ሳን የምትለዋ ደግሞ እኛ እትዬ ወይም ጋሼ እንደምንለው ናት፤ ልዩነቱ የእነሱ ከስም በኋላ ትመጣለች፣ ለሴትም ለወንድም አንድ ናት።

«ዓለም-ሳን፣ ምን በድዬሽ ነው?»

ምንም አልሁ። እሷ ግን አስባበታለች። ከሰኞ ጀምሮ ፊቴን አላየሽም፣ አልሳቅሽም። የእኒያን ደግ ሴት ዱቄት ስለ ጨረስሁባቸው ነው፤ በረሃብ ዘመን፤ ይገባኛል አለች። ከዚያ ተነሥታ ፊቴ ተንበረከከች፣ ሁለት እጇን አሸዋው ላይ አኖረች፣ ግንባሯን ወደ እጆቿ ዝቅ አደረገች። መጽሐፉ ውስጥ ሦስት ዓይነት አጎነባበስ ተሥሏል፤ አንዱ ለሰላምታ፣ አንዱ ለማመስገን። ይኼኛው የመጨረሻው ነው፤ ለከባድ ይቅርታ። ጎንደር ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምን ሰው አይቻለሁ፤ ያም እንኳ እንዲህ አላስጨነቀኝም፤ ያ በደል ነበረበት።

ክንዷን ይዤ አነሣኋት። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግራ ቀኝ አየሁ፤ አሸዋ፣ የሰመጠ መኪና፣ እኔ። እዚህ ብትወድቅ የሚይዛት የእኔ ሁለት እጅ ብቻ ነው። የበደልሽኝ ነገር የለም አልኋት፤ የያዝሁት ነገር አለ፣ ሰፈሩ ደርሰን ሥራሽን ስትጨርሺ እነግርሻለሁ። የጉልበቷን አሸዋ አራገፈች። «እሺ» አለች በአማርኛ፤ ሌላም አልጠየቀችኝ። ሰው ያልሰጠህን ቃል ጎትተህ አትውሰድ የሚል ነገር መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ እኛ ብንሆን እስኪነጋ እንጨቀጭቃለን።

እሷ ሄዳ ጎማው ሥር ስትቆፍር እኔ መጽሐፉን ገለጥሁ። መንገደኛ ማድረግ የሌለበትን ከሚዘረዝረው ገጽ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። የሚበሉበትን እንጨት ሩዙ ላይ ቀጥ አድርገህ አትትከል፣ ለሙታን የሚደረገው እንደዚያ ነው ይላል። ሞት መጽሐፉ ውስጥ የተነሣው እዚህ ብቻ ነው፤ እሱም ስለ ምግብ ሲያወራ። ጸሐፊው መንገደኛን ማስደሰት ነው የፈለገ፤ መንገደኛ ግን ሰው አይሞትበትም ያለው ማን ነው?

እህል የጫነ ሎሪ መጥቶ ጎተተን። ሰዎቹ ራሳቸው ጭነታቸው ዘግይቶባቸው ሳለ ወርደው ሻሂ አፍልተው አጠጡን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በሣጥኑ ውስጥ የቀረችውን በረዶ ሳቺኮ በእጇ ነካክታ «በቂ ናት» አለች።

ሐሙስ

ሰፈሩ የጭራሮ ጎጆና የፕላስቲክ ዳስ ነው። ሰዉ ከአርማጭሆም ከወልቃይትም የመጣ ነው፤ አማርኛና ትግርኛው በአንድ ሰልፍ ላይ ይሰማል። ከጥዋት ጀምሮ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰለፉ፤ ሳቺኮ እስኪመሽ አልተቀመጠችም። ለልጅ መርፌ ከወጋች በኋላ ለእናቲቱ የምትሰጣትን ብስኩት በሁለት እጇ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ ነው የምትሰጠው። እናቶቹም ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ። መጽሐፉ ይህን የጃፓን ልማድ ነው ብሎ አንድ ገጽ ሰጥቶታል፤ ያን ሰልፍ ያየ ሰው የማን ልማድ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። አንዲት ሴት ሳቺኮን ቆማ ስታያት ቆየችና «ይቺን ያሳደጋት ሰው ጎበዝ ነው» አለችኝ። ትርጉሙን ስጠየቅ ሥራሽ ጥሩ ነው አለች ብዬ አለፍሁት። አስተርጓሚ ሆኜ ቃል ያጎደልሁት ያን ጊዜ ነው።

ከሰዓት በኋላ እማማ ጥሩነሽን ፈለግሁ። እማማ ጥሩነሽ አርማጭሆ ውስጥ ያለ እሳቸው ልቅሶ የማይደምቅ አልቃሽ ነበሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ ግን አንድ ግጥም አልወጣቸውም። ሰፈሩ በተመሠረተበት ጊዜ ቀባሪው ራሱ ሲቀበር ነበር የዋለው፤ ማን ለማን ያለቅሳል? እሳቸውም ሴት ልጃቸውን ዝም ብለው ቀበሩ፤ ዝም እንዳሉ ቀሩ።

ዳሳቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገርኋቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ሰሙኝ።

«ወንድም እህት እዚህ የላትም?»

«የላትም።»

«ባልስ?»

«የላትም። አባቷን ነው የምታነሣው ሁሌም።»

ስሙን ጠየቁኝ፤ ሂሮሺ አልሁ። ሁለት ሦስት ጊዜ በአፋቸው አመላለሱት፣ ግጥም ላይ ይገባ እንደሆን የሚለኩት መሰለኝ። ምን ሠርቶ ይኖር ነበር አሉ፤ ጣፋጭ ሠርቶ ይሸጣል አልኋቸው። በጣም አልወደዱትም። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከእኔ ልጅ ወዲህ አፌን ዘግቻለሁ፣ ሌላ ፈልጊ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እራቷን ትብላ። ስትበላ ቁጭ ብለሽ እይ» አሉኝ። «ስለ ሌላው እኔ አለሁ።»

ሳቺኮ ማታ የቀረበላትን ሁሉ ጨረሰች። ሥራሽን ስትጨርሺ ያልሽኝ ነገርስ ስትለኝ፣ ነገ ጥዋት አልኋት።

ዓርብ

ሊነጋጋ ሲል መጡ። ነጠላ ያላት አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ የሌላት የእርዳታ ብርድ ልብስ ደርባለች። ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም፣ የትግራይ ሴቶችም፣ ትናንት ልጆቻቸውን ያስከተቡት ናቸው። ከድንኳናችን ፊት መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀመጡ። ዑስማንም ጥምጥሙን አስተካክሎ ከኋላ ቆመ፤ ለእሱ ማን እንደነገረው አላውቅም።

ሳቺኮ ድምፅ ሰምታ ወጣች። ያን ሁሉ ሴት ስታይ ከተከተቡት ልጆች አንዱ ሞቷል ብላ የሕክምና ቦርሳዋን ለማንሣት ተመለሰች። እጇን ያዝሁና ክቡ መሐል አስቀመጥኋት፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እማማ ጥሩነሽ በሌላው ጎኗ ሆኑ።

የማውቀውን እንግሊዝኛ ሁሉ ሌሊቱን ሳሰናዳው አድሬ ነበር። ስናገር የቀረልኝ አጭሩ ነው። አባትሽ ሞተዋል አልኋት። ሰኞ ጥዋት ከካርቱም ተነገረን። ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የያዝሁት። እነዚህ ሁሉ የመጡት ለእሳቸው ነው።

አላለቀሰችም። ከንፈሯ ላይ ትንሽ ፈገግታ መጣች፤ እንግዳ ቤቷ የገባባት ሰው የምታሳየውን የመሰለች። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ «ኧረ አልነገርሻትም እንዴ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ሁላቸውም?» አለች ሳቺኮ ዙሪያውን እያየች።

«ሁላቸውም።»

«አባቴ ሰው ሲበዛበት ያፍር ነበር» አለች። «ሥራ ልትለቂ ነው ብዬ ነበር የፈራሁት።» ፈገግታዋ አልወረደችም።

ያን ጊዜ እማማ ጥሩነሽ ደረታቸውን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱና ድምፃቸውን አወጡ። ከመጡ ወዲህ ማንም ያልሰማው ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሻከረ፤ ቀጥሎ ጠራ።

«ቁመቱ ዝግባ ነው፣ ፈረሱ ደመና፣
ባሕር ማዶ ወድቆ ሰማነው በዜና።

ልጁን ለኛ ሰጥቶ ልጃችን ሲተርፍ፣
ማን ነበር ከጎኑ እስትንፋሱ ሲያርፍ።»

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። የሚያለቅሱት ለአንድ ጣፋጭ ሻጭ ብቻ እንዳልነበር አንድም የሚያስረዳኝ አላስፈለገኝም። መንገድ ላይ ጥለዋቸው የመጡት፣ በችኮላ አፈር የተመለሰባቸው፣ ስማቸው ያልተጠራ ሁሉ ያን ጥዋት ተጠሩ። እማማ ጥሩነሽ መሐል ላይ የልጃቸውን ስም አስገቡት፤ ከዚያም ወደ ሂሮሺ ተመለሱ።

ሳቺኮ ምን እያሉ ነው አለችኝ። ሳላጎድል ተረጎምሁላት፤ ቁመቱን፣ ፈረሱን፣ ባሕሩን፣ ልጁን ለእኛ መስጠቱን። የመጨረሻውን ስትሰማ ፈገግታዋ ተሰበረና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እማማ ጥሩነሽ አንገቷን አቅፈው ራሷን ትከሻቸው ላይ አሳረፉት። እንዲያ ሆና፣ አፏ ነጠላው ውስጥ ተቀብሮ፣ አንድ ነገር ተናገረች። ጎንበስ ብዬ ሰማኋት።

«ልክ አይደለም» አለች። «አባቴ አጭር ነበር። በጣም አጭር፤ እኔ ትከሻ ጋ ነበር የሚደርሰው። ፈረስ ደግሞ ይፈራል።»

ለእማማ ጥሩነሽ ነገርኋቸው። ልቅሷቸውን አቋርጠው፣ እንባቸውን በመዳፋቸው ጠርገው፣ የሳቺኮን ፊት ቀና አድርገው አዩት።

«ዛሬ ረጅም ነው በያት» አሉኝ።

አልኋት።